ኤጀንቱን ከመስደባችሁ በፊት ቱሉ ላይ የጻፋችሁትን አንብቡ

ክላውድ፣ ማለትም በኢንተርኔት የተከራዩትን ሰርቨር፣ የሚያስተዳድር ኤጀንት (በኤአይ ሞዴል የሚነዳ፣ ስራውን ራሱ የሚሰራ ፕሮግራም) ከሚሰሩ ልጆች ጋ ሳወራ አንድ ነገር ሁሌ ያስቀኛል። ኤጀንቱ ያልሆነ ነገር ሲሰራ መጀመሪያ ሞዴል ይቀይራሉ፣ እሱ ካልሰራ ሲስተም ፕሮምፕቱ (ለሞዴሉ የሚሰጠው ቋሚ መመሪያ) ላይ "እባክህ ተጠንቀቅ፣ ፕሮዳክሽን እንዳትነካ" ብለው ይጨምራሉ (ፕሮዳክሽን ደንበኛው የምር የሚሰራበት ሰርቨር ነው)፣ እሱም ካልሰራ ያንኑ ዐረፍተ ነገር ቃለ አጋኖ ደርድረውበት ይደግሙታል፣ ቱሎቹ (ኤጀንቱ የሚጠራቸው መሳሪያዎች) ላይ ራሳቸው የጻፉትን ዲስክሪፕሽን፣ ማለትም ገለጻ፣ ግን ማንም ተመልሶ አያየውም። ብትከፍተው "ሰርቨር ያቆማል" ይላል። አለቀ። የቱን ሰርቨር፣ ከቆመ በኋላ ምን ይቀራል ምን ይጠፋል፣ መቼ ነው ይሄ ቱል መጠራት የሌለበት፣ ምንም የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞዴሉ ኮድህን አያየውም። ውስጡን የፈለከውን ያህል አሳምረህ ጻፈው፣ ቼክ አብዛበት፣ እሱ ጋ የሚደርሰው የቱሉ ስም፣ ከስሙ ስር ያለችው ገለጻ እና የፓራሜትሮቹ (ቱሉ ሲጠራ የሚሰጡት መረጃዎች) ዝርዝር ብቻ ነው። ኦፕንኤአይ እ.ኤ.አ. ጁን 2023 ላይ ፈንክሽን ኮሊንግ (ሞዴሉ ቱል የሚጠራበትን መንገድ) ሲያመጣ እንደዛ ነበር፣ አንትሮፒክ ኖቬምበር 2024 ላይ ኤምሲፒን (ሞዴልን ከቱሎች ጋ የሚያገናኘውን ስታንዳርድ) ሲያወጣም ያው ነው፣ ስም፣ ዲስክሪፕሽን፣ ስኪማ ማለትም የፓራሜትር ዝርዝር። ሰው ቢሆን ካልገባው ዞር ብሎ ይጠይቅሃል፣ ሞዴሉ ግን ብዙ ጊዜ ካልገባው ይገምታል፣ ግምቱን ደሞ የሚያመጣው ከተማረበት ጽሁፍ ነው፣ እዛ ጽሁፍ ውስጥ ስለኛ አገር አሰራር ያለው ነገር ጥቂት ነው። ጅቡቲ መስመር ላይ አዲስ ረዳት ይዘህ ወጥተህ "አራግፍ" ብለኸው ብቻ አትተኛም እኮ፣ የቱን ጭነት፣ የት፣ ሸራው ከየት በኩል እንደሚፈታ ትነግረዋለህ፣ እዚህ ግን ሁለት ቃል ጽፈን ሙሉ አካውንት እናስረክባለን።

እኛ ድሬ ነን፣ ከዚራ አካባቢ ትንሽ ቢሮ ይዘን ነው የምንሰራው። ደንበኞቻችን አብዛኞቹ ትራንዚተሮችና በጅቡቲ እቃ የሚያስገቡ ነጋዴዎች ናቸው፣ ዲክላራሲዮን፣ ደረሰኝ፣ የእቃ ፎቶ ምናምን የሚያስቀምጡበት አነስ አነስ ያለ ሲስተም አላቸው፣ ሰርቨሮቹ አማዞን ላይ ናቸው። ቢሉ በዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ላይ ብሩ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ጊዜ ውስጥ መቶን አለፈ፣ ከዛ ወዲህ ስራ ፈቶ የሚውል ሰርቨር የሚታገስ ደንበኛ የለም። ኤጀንቱን ያመጣነውም ለዚሁ ነው፣ የማይፈለገውን እንዲያቆም፣ ባክአፕ እንዲይዝ፣ ወጪ ስንት እንደደረሰ በቴሌግራም ሲጠየቅ እንዲመልስ።

በማቆምና በማስወገድ ልጀምር። ደንበኛ "ሰርቨሩን አጥፉት" ሲል እኛ ከሁኔታው እንረዳዋለን፣ እንደ መብራት ይጥፋ ነው የሚለው። ኤጀንቱ ፊት ግን ስቶፕ እና ተርሚኔት የሚባሉ ሁለት ቱሎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፣ አንዱ ያቆማል፣ አንዱ ያወድማል፣ "አጥፉት" ደሞ ለሁለቱም ይሆናል። ስለዚህ ስቶፕ ላይ ያለው ገለጻ አሁን እንደዚህ ይላል (ኢቢኤስ የአማዞን ዲስክ ነው፣ ፐብሊክ አይፒ ሰርቨሩ ከውጪ የሚገኝበት አድራሻ፣ ኢላስቲክ አይፒ ደሞ የማይቀየረው አድራሻ)፦

"ሰርቨሩን ለጊዜው ያቆማል። ከሰርቨሩ ጋር የተያያዙት ኢቢኤስ ዲስኮችና ዳታቸው እንዳሉ ይቀራሉ፣ በኋላ ስታርት በሚለው ቱል ይነሳል። የሰርቨሩ የሰዓት ክፍያ ይቆማል፣ የዲስኩ ክፍያ ግን ይቀጥላል። ኢላስቲክ አይፒ ከሌለው ሲነሳ ፐብሊክ አይፒው ይቀየራል። ተጠቃሚው አጥፋ፣ ዝጋ፣ አቁም፣ አሳርፍ ካለ ይሄን ተጠቀም።"

ተርሚኔት ላይ ደሞ (ሩት ዲስክ ሰርቨሩ የሚነሳበት ዋናው ዲስክ ነው፣ ስናፕሾት የዲስክ ቅጂ)፦ "ሰርቨሩን እስከመጨረሻው ያስወግዳል፣ መመለስ አይቻልም። ሩት ዲስኩ በዲፎልት አብሮ ይሰረዛል። ከመጥራትህ በፊት የሰርቨሩን ስም፣ አይዲውንና የመጨረሻው ስናፕሾት መቼ እንደተያዘ ለተጠቃሚው አሳይ፣ እስከመጨረሻው ይወገድ ብሎ በግልጽ እስኪመልስ ጠብቅ። የተፈለገው ወጪ መቀነስ ብቻ ከሆነ ይሄን ቱል አትጥራ፣ ስቶፕን ተጠቀም።"

የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር እዩልኝ። ቱሉ ምን እንደሚሰራ ሁሉም ሰው ይጽፋል፣ ለየትኛው ጉዳይ መጠራት እንደሌለበት የሚጽፍ ግን ጥቂት ነው፣ ሞዴሉ ሁለት ተመሳሳይ ቱሎች መሀል ሲወዛገብ ደሞ የሚያድነው እሷ ናት። የአይፒዋ ነገርም ለጌጥ አልገባችም። አማዞን ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ለእያንዳንዱ ፐብሊክ አይፒቪ4 አድራሻ በሰዓት 0.005 ዶላር ያስከፍላል፣ በወር 3.65 ዶላር ገደማ ማለት ነው፣ ኢላስቲክ አይፒ ያለው ሰርቨር ቢቆምም እሷ ትቆጥራለች። ለትልቅ ድርጅት ምንም አይደለም፣ አምስት ስድስት ሰርቨር ቆሞበት "ዜሮ ነው የምከፍለው" ብሎ ለተቀመጠ የድሬ ነጋዴ ግን ጥያቄ ያስነሳል።

ዳታቤዝ ላይ ደሞ የባሰ ወጥመድ አለ። አርዲኤስ (የአማዞን የዳታቤዝ አገልግሎት) ስቶፕ ሲባል ይቆማል፣ ግን ከ7 ቀን በኋላ ራሱ ይነሳል፣ አሰራሩ ነው፣ ብልሽት አይደለም። ይሄ ዲስክሪፕሽኑ ላይ ከሌለ ኤጀንቱ "አቁሜዋለሁ" ብሎ ሪፖርት ያደርጋል፣ እውነቱንም ነው፣ ከዛ ሳምንት ቆይቶ ዳታቤዙ ተነስቶ ዶላሩን ይበላል፣ ኤጀንቱ አያስታውስ ደንበኛው አያውቅ። አንድ መስመር ናት የምታስፈልገው፦ "ከ7 ቀን በኋላ በራሱ ይነሳል፣ ተጠቃሚው ከዛ በላይ እንዲቆም ከፈለገ ይሄንን ንገረው፣ ድጋሚ የማቆሚያ ቀጠሮም ያዝ።"

አሁን ወደ ሰዓት ልምጣ፣ ዋናው ጣጣ እዚህ ነው፣ የውጪዎቹ ጽሁፎች ደሞ ስለማያውቁት አይጽፉትም።

አንድ ደንበኛችን አሉ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ሁላችንም ሐጂ ነው የምንላቸው። ጽሁፍ አይጽፉም፣ ቮይስ ነው የሚልኩት። "አቦ አንተ ልጅ፣ ያ የሙከራው ኮምፒውተር ከ6 እስከ 9 በርቶ ምን ያደርጋል? ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቷል፣ ዝጉት እንጂ።" እኔም "እሺ ሐጂ፣ አሁኑኑ እናስተካክላለን" አልኳቸው። ድሬን የሚያውቅ ሰው ይሄን ለመረዳት ሰከንድ አይፈጅበትም፣ ከ6 ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ አናት ላይ ስትቆም መጋላም ከዚራም ጭር ነው፣ ሱቁ ግማሹ ተዘግቷል፣ ሰው በልቶ ጋደም ብሏል ወይ በርጫውን ይዟል፣ ስራ የሚባል ነገር እንደገና የሚጀምረው ሙቀቱ ሲበርድ ነው።

ኤጀንቱ እውነተኛውን ሰርቨር ከመንካቱ በፊት እቅዱን ብቻ እንዲያሳይ አድርገን ስለነበር አየነው። 06:00 ያጥፋ፣ 09:00 ያብራ። ይሄ በፈረንጅ አቆጣጠር የአገራችን ሰዓት ነው ብለህ ብታነበው ከጠዋቱ 12 እስከ 3 ማለት ነው፣ ማለትም ሰው በጠዋቱ ቅዝቃዜ ቢሮ ከፍቶ የቀኑን ስራ የሚያነሳበት ሰዓት። ግን እሱ ብቻ ቢሆን ጥሩ፣ የኢቨንትብሪጅ (የአማዞን ቀጠሮ ማስያዣ) ሩል ላይ የሚጻፍ ክሮን (የሰዓት ቀመር) የሚነበበው በዩቲሲ፣ ከኛ ሶስት ሰዓት ወደኋላ በሆነው የዓለም ሰዓት ነው፣ ስለዚህ ያው 06:00 እውነት ቢሰራ ኖሮ ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ነበር የሚያጠፋው። አንድ "ከ6 እስከ 9" ሶስት ሰዓት ወለደች፣ ሐጂ የፈለጉት ደሞ ከሁለቱም አይደለም፣ በዩቲሲ ከ09:00 እስከ 12:00 ነው። ሞዴሉን ብትሰድበው ምን ዋጋ አለው፣ ፓራሜትሩ ላይ የተጻፈው "የሚቆምበት ሰዓት፣ ስትሪንግ" የሚል ብቻ ነበር፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ቀኑ የሚቆጠረው ፀሐይ ስትወጣ ጀምሮ እንደሆነ በጥቅሉ ቢያውቅም እዚህ ጋ ማንሳት እንዳለበት የነገረው የለም።

ሂሳቡ ራሱ የሚገርም ነው፣ ከኛ ሰዓት ወደ ዩቲሲ መሄድ ቀላል ናት። የቀን ሰዓት ከሆነ 3 ትደምራለህ፣ ቀን 6 ማለት 09:00 ነው። የማታና የሌሊት ከሆነ 15 ትደምራለህ፣ 24 ከሞላ ወይ ካለፈ 24 ትቀንሳለህ፣ ማታ 4 ማለት 19:00፣ ሌሊት 10 ማለት 01:00። 12 ሰዓት ላይ ግን ተጠንቀቁ፣ ጠዋት 12 የሌሊቱ መጨረሻ ነው 03:00 ይሆናል፣ ማታ 12 ደሞ የቀኑ መጨረሻ ነው 15:00 ይሆናል፣ እንደ አጠራሩ "ጠዋት" እና "ማታ" እያልክ ከደመርክ ሁለቱም ተገልብጠው ይወጣሉ። ደሞ ሌላ፣ ሌሊት 7 ላይ እኛ አዲሱ ቀን ገብቷል ብንልም በዩቲሲ ገና የትናንቱ 22:00 ነው፣ "ቅዳሜ ሌሊት 7" የሚል ቀጠሮ እዚህ ጋ ቀኑንም ይስታል፣ ባገራችን አባባል ደሞ ቅዳሜ ሌሊት የትኛው ሌሊት ነው የሚለው ራሱ ሁለት ሰው ያጣላል።

መጀመሪያ ይሄን ሁሉ ዲስክሪፕሽኑ ውስጥ ከተትኩት፣ ከነምሳሌው። ሰራ፣ ብዙውን ጊዜ። ግን ገለጻው የሂሳብ ደብተር መምሰል ሲጀምር ችግሩ ገለጻው ጋ ሳይሆን ፓራሜትሩ ጋ ነው። ሞዴሉን ለምን ደምር ቀንስ አስብለዋለሁ? አሁን ቱሉ የሚቀበለው ሁለት ነገር ነው፣ ሰዓቱን ተጠቃሚው እንዳለው ከ1 እስከ 12፣ እና ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ፣ ሌሊት ከሚሉት አንዱን። ዩቲሲውን የሚያወጣው ኮዱ ነው። ዲስክሪፕሽኑም አጠረ፦ "ሰዓቱን ተጠቃሚው በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዳለው አስቀምጥ፣ አትቀይረው። የቀኑ ክፍል ካልተነገረህና ከንግግሩ በግልጽ ካልታወቀ ጠይቅ።" ሲጨርስም ቱሉ የሚመልሰው "ተሳክቷል" የሚል ደረቅ ቃል አይደለም፣ "የሙከራው ሰርቨር በየቀኑ ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ይጠፋል" የሚል ነው፣ ኤጀንቱ እሱን እንዳለ ይልካል፣ ሐጂ ያነቡታል ወይ ልጃቸው ያነብላቸዋል፣ ስህተት ካለ እሳቸው ጋ ይያዛል።

ካላንደሩም ያው ነው። "የጥቅምት ወጪ ስንት ነው" ሲባል ሞዴሉ ጥቅምትን ኦክቶበር አድርጎ ከ1 እስከ 31 ይጠይቃል። የጥቅምት 2018 ትክክለኛው ግን እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 11 እስከ ኖቬምበር 9፣ 2025 ነው። የወጪ መረጃ የሚሰጠው የአማዞን ኤፒአይ (ፕሮግራም ከፕሮግራም የሚጠያየቅበት በር) ደሞ የራሱ ጠባይ አለው፣ የመጀመሪያውን ቀን ይጨምራል፣ የመጨረሻውን ግን አይጨምርም፣ ስለዚህ እስከ ኖቬምበር 9 ያለውን ከፈለክ 10 ብለህ መላክ አለብህ፣ አለበለዚያ አንድ ቀን ከሂሳቡ ትጎድላለች፣ ማንም ሳያውቅ። እያንዳንዱ ጥያቄ ደሞ 0.01 ዶላር ያስከፍላል። አንድ ሳንቲም ምን አላት ትላለህ፣ ኤጀንት ግን መልሱ ካልጣመው ደጋግሞ የሚጠይቅ ፍጥረት ነው፣ በቀን በቀን ከፋፍሎ ሰላሳ ጊዜ ሊጠራውም ይችላል። ስለዚህ ሶስቱንም ጻፍኩለት፣ የመጨረሻው ቀን እንደማይቆጠር፣ ጥሪው እንደሚያስከፍልና ሙሉ ወር በአንድ ጥሪ መጠየቅ እንዳለበት፣ መረጃው በቀን አንዴ ገደማ የሚታደስ ስለሆነ ከአንድ ሰዓት በፊት የቆመን ሰርቨር ለውጥ እዛ ላይ መፈለግ እንደሌለበት። ዓመት ላይ "2018" ሲመጣ የቱ 2018 እንደሆነም እንዲሁ፣ ያለዚያ ያለፈ ዘመን ቢል ፍለጋ ይሄዳል።

ሰው ስለ ግብዓቱ ይጽፍና ስለ መልሱ ይረሳል። መልሱ ምን ማለት እንደሆነ ካልነገርከው ኤጀንቱ የራሱን ትርጉም ይሰጠዋል። የምወዳት ምሳሌ ድራይ ረን ናት። ኢሲ2 (የአማዞን የሰርቨር አገልግሎት) ላይ ይሄን ፓራሜትር አብርተህ ከላክህ ስራውን ሳይሰራ ፈቃድ እንዳለህ ብቻ ያጣራልሃል፣ ደስ ይላል፣ ችግሩ ፈቃድ ካለህ መልሱን የሚልከው በኤረር መልክ ነው፣ ድራይረንኦፐሬሽን የሚል ኤረር፣ ውስጡን ካነበብከው "ጥያቄው ይሳካ ነበር" ነው የሚለው። ኤጀንቱ ኤረር የሚለውን ቃል ሲያይ ወይ ተስፋ ቆርጦ ለተጠቃሚው "ፈቃድ የለንም" ይላል፣ ወይ ሌላ መንገድ መቆፈር ይጀምራል። የምር ፈቃድ ከሌለ የሚመጣው አንኦተራይዝድኦፐሬሽን ነው፣ እሱ ሲመጣ ደሞ መቆፈሩን ትቶ ለሰው መናገር አለበት። ሁለቱን ለይቶ የሚነግረው ገለጻው ብቻ ነው፣ ወይም ከነጭራሹ ቱሉ ውስጥ ተርጉመህ "ፈቃድ አለ፣ ምንም አልተሰራም" ብለህ መልስለት፣ እኔ ሁለተኛውን መርጫለሁ።

ባዶ መልስም አለች። ሰርቨር የሚዘረዝረው ቱል የሚያየው አንድ ሪጅን (የአማዞን ሰርቨሮች ያሉበት አንድ አካባቢ) ነው፣ ኬፕታውንን ጠይቆ ባዶ ሲመጣ "ሰርቨር የላችሁም" ብሎ ደመደመ ማለት አየርላንድ ያለውን አላየም ማለት ነው። ኤስ3 (የአማዞን ፋይል ማስቀመጫ) ላይ ፋይል ሲዘረዘር በአንድ ጥሪ የሚመጣው ቢበዛ 1000 ነው፣ የቀጣዩን ገጽ ምልክት ይዞ ካልተመለሰ የቀረውን አያይም፣ "1000 ፋይል አለ" ብሎ በሙሉ ልብ ይነግርሃል፣ ክብ ቁጥር ስትመጣ ጠርጥሩ። መልሱ ውስጥ "ይሄ የኬፕታውን ሪጅን ብቻ ነው" ወይም "ገና አላለቀም" የሚል ቃል ቢጨመር ምን ይከብዳል።

ኔት ሲቆራረጥ ደሞ፣ መቼም እዚህ አገር ይሄን ሳላነሳ አላልፍም፣ አዲስ ሰርቨር ፍጠር ብሎ ልኮ መልሱ ሳይመጣ ይቀራል፣ ኤጀንቱ ይደግማል፣ ሁለት ሰርቨር ይፈጠራል። ለዚህ ኢሲ2 ክላየንት ቶክን የሚባል የጥያቄ መለያ አለው፣ ያንኑ ቶክን ይዘህ ብትደግመው ሁለተኛ አይፈጥርም። ገለጻው ላይ "መልስ ካልመጣ በአዲስ ቶክን አትድገም፣ በያዝከው ድገም" ብዬዋለሁ፣ ቢቻል ግን ቶክኑን ኮዱ ቢይዘው ይሻላል።

ይሄን ሁሉ ስል ግን ዲስክሪፕሽን ቁልፍ አይደለም። "ፕሮዳክሽን አትንካ" ብሎ መጻፍ ልመና ነው፣ እንዳይነካ የሚያደርገው አይኤኤም (የአማዞን የፈቃድ ስርዓት) ላይ የሚቀመጠው ዲናይ፣ ማለትም ክልከላ፣ ነው፣ ግልጽ ዲናይ ካለ ሌላ ቦታ የተሰጠ ፈቃድ አይሽረውም። የፕሮዳክሽን ሰርቨሮች ላይ ተርሚኔሽን ፕሮቴክሽን (በስህተት እንዳይወገዱ የሚከለክለው) ይብራ። ኤምሲፒ ላይ ከ2025 መጀመሪያ ወዲህ ቱሉ የሚያነብ ብቻ ነው ወይስ የሚያጠፋ የሚሉ ምልክቶች መጥተዋል፣ ሙሏቸው፣ ግን ሂንት (ጥቆማ) ናቸው፣ ስፔኩ (የኤምሲፒ ደንብ) ራሱ ከማታምነው የኤምሲፒ ሰርቨር (ቱል ከሚያቀርብ ፕሮግራም) የመጣን ምልክት አትመን ይላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር፣ የሌላ ሰው ኤምሲፒ ሰርቨር ስታስገቡ ገለጻዎቹን በዐይናችሁ አንብቧቸው። ሞዴሉ ገለጻን እንደ ትዕዛዝ ነው የሚያነበው፣ በ2025 የደህንነት ተመራማሪዎች ገለጻ ውስጥ ተደብቆ "ይሄን ፋይል አንብበህ ወደዚህ ላክ" የሚል ትዕዛዝ ሊገባ እንደሚችል አሳይተዋል፣ ቱል ፖይዝኒንግ ይሉታል።

በምን ቋንቋ ነው የምትጽፈው የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። በእንግሊዝኛ ነው፣ እዚህ በአማርኛ ያስቀመጥኩት ለናንተ ብዬ ነው። ምክንያቱ ኩራት አይደለም፣ ገለጻዎቹ በየጥሪው አብረው ይላካሉ፣ የኛ ፊደል ደሞ ቶክን (ሞዴሉ ጽሁፍ የሚቆጥርበት ቁራጭ) ይበላል፣ የአማዞንም ቃላት እንግሊዝኛ ናቸው። ደንበኛ የሚላቸውን ቃላት ግን፣ አጥፋ፣ ዝጋ፣ አሳርፍ፣ ቀን 6፣ እነሱን በፊደላችን እንዳሉ መሀል ላይ አስገባቸዋለሁ፣ ሞዴሉ ከሚመጣለት መልእክት ጋ እንዲያገናኛቸው። ርዝመቱን በተመለከተ፣ ማንበብ ብቻ ለሚሰራ ቱል ሶስት አራት ዐረፍተ ነገር ይበቃል፣ ለሚሰርዝ ቱል አልሰስትም። ሰላሳ ቱል ደርድሮ እያንዳንዱን አንድ መስመር ከመጻፍ ስምንት ቱል አድርጎ በደንብ መጻፍ ይሻላል ባይ ነኝ፣ አማዞን ያለውን ኤፒአይ ሁሉ አንድ በአንድ ቱል ማድረግ ስንፍና ነው፣ ወላሂ።

የምፈትነው ደንበኞቹ የምር በላኩት አባባል ነው፣ እኔ በምጽፈው የተስተካከለ ጥያቄ አይደለም። ድሬ ላይ አንድ ቮይስ ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ ተቀላቅሎ ይመጣል፣ መሀሉ ላይ "ያ የድሮው" ምናምን አለበት። እሱን ወደ ጽሁፍ አስቀይሬ ምንም እውነተኛ ቱል ለሌለው ሞዴል ገለጻዎቹን ብቻ ሰጥቼ "የቱን ትጠራለህ፣ በምን ፓራሜትር" እለዋለሁ። ሲስት ፕሮምፕቱን አልነካም፣ ሁለቱን ገለጻ ጎን ለጎን አድርጌ የት ላይ እንደሚመሳሰሉ እፈልጋለሁ። "ያ የድሮው ሰርቨር" የሚለው ለምሳሌ በገለጻ አልተፈታም፣ የተፈታው ዝርዝር የሚያወጣው ቱል ስምና የተፈጠረበትን ቀን እንዲመልስ በማድረግ ነው፣ በፊት የሚመልሰው 17 ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት አይዲ ብቻ ነበር፣ ከሱ ላይ ድሮና አሁን እንዴት ይለያል።

አንድ ቱል ግን እስካሁን አልሰጠሁትም፣ የድሮ ስናፕሾት የሚሰርዘውን። ብዙ ጊዜ ገለጻውን ጀምሬ ትቼዋለሁ። "ከ90 ቀን ያለፈውን ሰርዝ" ብዬ ልጽፍ እችላለሁ፣ ግን አንዳንዱ ስናፕሾት ለጉምሩክ ጉዳይ ተብሎ የተያዘ ነው፣ የትኛው እንደሆነ ታግ (የሚለጠፍበት መለያ) ላይ አልተጻፈም፣ ሐጂ ጋ ደውዬ "ሐጂ፣ ይቺ ትፈለጋለች?" ብዬ ካልጠየቅኳቸው በስተቀር እኔም አላውቀውም። ታጎቹን እየሞላን ነው። እስከዛ ድረስ እሱን በእጄ ነው የምሰርዘው፣ ከሐጂ ጋ በስልክ እያወራሁ።